መደርደሪያ ማጣራት፦ ሕጉ ክፍል ደርሻለሁ

«ጊዜ ያለፈባቸውን መጻሕፍት የማውጣቱ ሥራ ከምን ደረሰ?» ለምትሉኝ የቤተ መጻሕፍት የሙያ ጓደኞቼ፣ ይኸው።

ጂኦግራፊው አላስቸገረም። ሶቪየት ኅብረትን እንደ አንድ አገር የሚያሳየው አትላስ፣ ደቡብ ሱዳን የሌለችበት የአፍሪካ ካርታ፣ ሁሉም ወጡ። ለታሪክ ተማሪ ከየዓይነቱ አንድ አንድ አስቀርቻለሁ። ኮምፒውተሩማ አይነሳ! የዊንዶውስ 95 መማሪያ ከነፍሎፒ ዲስኩ፣ ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ቁጭ ብሏል። በልገሳ የመጣ ነው። ልገሳ እምቢ አይባል ነገር፣ መደርደሪያ ይፈጃል።

ጊዜ የበላው ሕጉ ነው። እዚህ ዕድሜ ብቻውን አይፈርድም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ስለተተካ ወጣ። ከሱ በሦስት ዓመት ብቻ የሚያንሰው የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ግን ዛሬም ይሠራበታል፤ ቀረ። የቤተሰብ ክፍሉ ለእኛ ለአዲስ አበባዎቹ በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ስለተለወጠ፣ የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ማሳሰቢያ ለጥፌያለሁ። የንግድ ሕጉ ደግሞ ከፊሉ በ2013 ተተክቶ ከፊሉ ገና ሥራ ላይ ነው። እሱን አልነካሁትም።

በብዙ መመሪያዎች ላይ «የማይነበበውን አውጣ» ይባላል። በእኛ ቤት ይህ ሁሌ አይሠራም። ከሕጉ መደርደሪያ በእጅ ብዛት ጠርዙ የጠቆረው የትኛው መሰላችሁ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996። በአዋጅ 1156/2011 ከተሻረ ቆይቷል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ መጥታ አሮጌውን ብታነብ፣ ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ 60 ቀን ነው ብላ ትሄዳለች። አዲሱ 90 ይላል። የዓመት ፈቃዱም ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ ብሏል። ብዙ ሰው የሚያነበው የተሻረ ሕግ፣ ማንም ከማይነካው ፍሎፒ የባሰ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው፤ በዚያው ቀን አዲሱን አዋጅ አስጠርዘን ቦታው ላይ አስገባን። ባዶ ቦታ ካየ አንባቢ «የት አደረሳችሁት?» ይላል፣ እውነቱንም ነው።

ንብረት ክፍል ጋር ትንሽ ተጨቃጭቀናል። የንብረት ክፍሉ ጋሼ «ልጄ፣ የመንግሥት ንብረት እንዲሁ አይጣልም» አሉኝ። ዝርዝሩን ከነምክንያቱ በየመጽሐፉ ጽፌ ሳቀርብ ግን ለኮሚቴው መሩት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሚወገደው መጽሐፍ ማህተም ላይ «ተወግዷል» ብላችሁ ምቱበት። አለዚያ በኪሎ ተሸጦ ሱቅ ከገባ በኋላ፣ ቆሎ የተጠቀለለበትን ገጽ ይዞ «የእናንተ ነው» የሚል ደግ ሰው አይጠፋም።

የድሮ አማርኛ ልብ ወለድ በዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም። የተገነጠለው ይጠረዛል እንጂ አይወጣም።

ቀጥሎ ጤና ነው። ስለ ኤች አይ ቪ ያሉን አብዛኞቹ መጻሕፍት መድኃኒቱ በ1997 በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት የታተሙ ናቸው። የጤና ጣቢያ ነርስ አብራኝ እንድታያቸው ጠይቄያለሁ። ይህን ክፍል የጨረሳችሁ ካላችሁ በምን እንደተካችሁት ንገሩኝ።