25 ኦም ፍለጋ

ባስ ቶፖሎጂ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተሮች አንድ ኬብል የሚጋሩበት የኔትወርክ አሠራር፣ በሥዕል ሲታይ ልጅ የሚገጣጥመው ይመስላል። አንድ መስመር፣ ከሥሩ የተንጠለጠሉ ኮምፒውተሮች፣ አለቀ። አምስት አሮጌ ኮምፒውተሮችና ቀጭን ኮአክሲያል ኬብል ሳገኝ ልሞክረው ተነሳሁ። መሃል ሆኖ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኝ ስዊች የለም፣ ሃብ የለም። በየኮምፒውተሩ ኔትወርክ ካርድ ጀርባ ቲ ማገናኛ ይሰካል፤ ኬብሉ በአንዱ ክንድ ገብቶ በሌላው ይወጣና ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ሰካሁ። ፒንግ አደረግኩ፤ ማለትም ከአንዱ ወደ ሌሎቹ «አለህ?» የሚል መልእክት ላክሁ። ዝም። ከአምስቱ አንዱም መልስ የለው።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ከኬብሉ ጋር የነበሩት ሁለት ትንንሽ ክዳኖች የአቧራ መከላከያ መስለውኝ አንዱን ሰክቼ ሌላውን መሳቢያ ውስጥ ጥዬዋለሁ። ለካ ተርሚኔተር ናቸው! በውስጣቸው ሲግናሉን ጫፍ ላይ የሚውጥ የ50 ኦም ሬዚስተር አለ፤ ኦም የሬዚስታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ መለኪያ ነው። ሲግናሉ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ጫፍ ላይ የሚውጠው ካጣ ተመልሶ ከተከታዩ ጋር ይደባለቃል።

የባሰው ሌላ ነው። ሁለቱ 50 ኦሞች በትይዩ ሲሆኑ 25 ይሰጣሉ። ካርዱ የሚጠብቀው ይህንን ነው። አንዱ ሲጎድል ሬዚስታንሱ እጥፍ ይሆናል፣ ቮልቴጁም አብሮ ያድጋል። ካርዱ ታዲያ ሌላ ኮምፒውተር አብሮት የሚያወራ ይመስለዋል። ግጭት ነው ብሎ ያቆማል፣ ትንሽ ጠብቆ ይሞክራል፣ ከ16 ሙከራ በኋላ ይተወዋል። ብቻውን እያወራ ራሱን የሚያቋርጥ ሰው በሉት።

አሁን መጀመሪያ የማነሳው ሬዚስታንስ የሚለካውን መልቲሜትር ነው። ኮምፒውተሮቹን አጥፍቼ አንዱን ቲ ከካርዱ ነቅዬ እለካለሁ። 25 አካባቢ ከሆነ ደህና። 50 ካለ ወይ ተርሚኔተር ጎድሏል፣ ወይ ኬብሉ የሆነ ቦታ ተበጥሷል። ያኔ መሃል ላይ ኬብሉን እነቅልና ሁለቱንም ወገን ለየብቻ እለካለሁ። 50 የማያሳየው ወገን ታማሚው ነው። እሱን ደግሞ ለሁለት እከፍላለሁ። በየጠረጴዛው ሥር ከመዳህ ይሻላል።

ሌላም ተምሬያለሁ። ቲውን ከካርዱ ብትነቅሉት የሚወጣው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ኬብሉን ከቲው ከነቀላችሁት ግን ሁሉም ይወድቃል።

በዚህ ኬብል አንድ መስመር ከ185 ሜትርና ከ30 ኮምፒውተር አያልፍም፤ በሰከንድ 10 ሜጋቢቷንም ሁሉም ይጋራታል። ዛሬ ቢሮ ውስጥ ማንም አይዘረጋውም። የመኪና ኤሌክትሮኒክ ክፍሎች የሚነጋገሩበት ካን ባስ ግን ያው ዘዴ ነው፤ በሁለቱ ጫፎች 120 ኦም፣ ሲለካ 60።