ጃንሆይ የወረዱ ዕለት የተወለደችው አክስቴ

እኔና አክስቴ ከደሴ በጠዋት ወጣን። ሐይቅን አልፈን ውጫሌ ላይ ከሚኒባስ ወረድን። ምኒልክና ጣሊያን በ1881 የተዋዋሉባት ውጫሌ ናት። ከዚያ በኋላ መኪና የለም፣ እግር ብቻ። የአምባሰልን ዳገት ስንጀምር አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ቀደመችኝ። በልጅነቷ ደሴ ከገባች ወዲህ ተመልሳ አታውቅም፣ ግን ማን ያስቁማት!

አክስቴ የተወለደችው መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፣ ደርግ ጃንሆይን ከዙፋን አውርዶ በቮልስዋገን የወሰዳቸው ሐሙስ። ያዋለዷት እናት ዛሬም በሕይወት አሉ። ከሳቸው አፍ እንስማ ብለን ነው የሄድነው።

እማማ አክስቴን ጉንጯን ይዘው ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ አገላብጠው ሳሟት። እሳቸው እስላም ናቸው፣ አያቴ ክርስቲያን። ወሎ ውስጥ ይሄ ምንም አይገርምም።

«እናትሽ ማርያም ማርያም ስትል፣ እኔ ያረቢ ስል፣ እንዲያ ሆነሽ ወጣሽ» አሏት።

ቡናው አቦል ላይ እያለ አክስቴ ስለ ገንፎው ጠየቀች። የስንዴ ነበር አሉ፣ አባቷ መንገድ ዳር ካለው የእርዳታ መጠለያ ተሸክሞ ያመጣው። ቅቤ ከየት ይምጣ? ከብቱ አልቆ፣ በተልባ ነው አራሷ የበላችው። ከአክስቴ በፊት የነበረውን ልጅ ርሀቡ ወስዶባታል። በዚያ ርሀብ እስከ 200,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል፣ እዚህ ግን ሟቹን ሁሉ በስም ነው የሚያነሱት።

ጃንሆይን የጣላቸው አንዱ ነገር ይሄው የወሎ ርሀብ ነው። በዋዜማው ማታ ፊልሙ በቴሌቪዥን ታይቷል። መንደሩ ግን ቴሌቪዥን ቀርቶ ሬዲዮም አልነበረውም። ገበያ የወረደ ሰው ነው ከቀናት በኋላ «ጃንሆይ ወርደዋል፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት» ብሎ የነገራቸው። የአክስቴ ልደት በትክክል የታወቀውም በዚሁ ነው።

«ታዲያ ምን አላችሁ?» አልኳቸው።

«ምን እንላለን ልጄ፣ እኛን ያስጨነቀን የናቷ ጡት ወተት ይይዝ ይሆን ወይ የሚለው ነበር። ያዘ፣ አልሀምዱሊላህ!»

አክስቴ እዚህ ላይ አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም። ስለዚያ ሐሙስ ስንት ነገር አንብቤያለሁ፣ ይሄ ወተት ግን የትም ተጽፎ አላየሁም።

መታወቂያዋ ላይ ልደቷ መስከረም 1 ተብሎ ነው የተሞላው። ይስተካከልልኝ ብላለች። ሰኞ አብረን ቀበሌ እንሄዳለን።