ሎሚዬን ያለ መርጨት ከተባይ ያጸዳሁበት መንገድ

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ብርዱ ስለማያስተርፋት ሎሚዬ ከጥቅምት ጀምሮ ሳሎን መስኮት ሥር ትከርማለች። ባለፈው ታኅሣሥ ከሥሯ ያለው ወለል እግር እየያዘ አስቸገረኝ። ልጄ ጭማቂ ያፈሰሰች መስሎኝ ደጋግሜ ወለወልኩት። ኋላ ቅጠሏን ስነካው እሱም ይጣበቃል፤ አንዳንዱም ጥላሸት ለብሷል። ገልብጬ ሳየው በደም ሥሩ ዳርና ዳር ተልባ የመሰሉ ቡናማ ነገሮች ተደርድረዋል። የቅጠሉ አካል ይመስላሉ፤ በጥፍር ሲገፏቸው ግን ይነሣሉ። ቅርፊታም ተባይ ናቸው። የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጡና የተረፋቸውን ስኳር ያንጠባጥባሉ፤ ጥላሸቱም በዚያ ስኳር ላይ የሚበቅል ሻጋታ ስለሆነ ሲታጠብ ይለቃል።

መርጨት አልፈለግኩም። መስኮት በማይከፈትበት ወቅት ልጅ ያለበት ቤት ነው፤ ልጣጩንም ሻይ ውስጥ እንጨምራለን።

መጀመሪያ ከሌሎቹ ተክሎች አራቅኋት፤ ክፉኛ የተወረሩትን ቅርንጫፎች ቆረጥኩ። ከዚያ የጆሮ ጥጥ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ እየነከርኩ ተባዮቹን አንድ በአንድ ነካኋቸው። (አልኮሉን አስቀድሞ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ ማደር ይሻላል።) በመጨረሻም አፈሩን በላስቲክ ሸፍኜ፣ ጥቂት ሳሙና ባለው ለብ ያለ ውኃ ቅጠሎቹን ፊትና ጀርባ በጨርቅ ጠርጌ መታጠቢያ ቤት አለቀለቅኋት። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ።

ስህተቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማቆሜ ነው። ንጹሕ መስላኝ ነበር፤ በወሩ ተመልሰው መጡ። ለካ ጫጩቶቹ እናታቸው ሥር ተሸሽገው ይቆያሉ። ሲወጡ ደግሞ ዓይን በቀላሉ የማያያቸው ብጫ ነጥቦች ናቸው፤ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ በሚጋጠምበት ስንጥቅ ይገባሉ። ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር በየ7 ቀኑ፣ ምንም ባይታየኝም፣ ለሁለት ወር ሳላቋርጥ ሠራሁት።

ዓይኔን ማመን ስላቆምኩ ከሥሯ ጥቁር ወረቀት አነጠፍኩ። ተባይ ካለ በማግስቱ የሚያብለጨልጭ ጠብታ ይታይበታል። ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው።

ተባዩን የሚበላ ጢንዚዛም ገዝቼ ለቅቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ የካሊፎርኒያን የብርቱካን እርሻዎች ከሌላ ዓይነት ቅርፊታም ተባይ ያዳነው ከአውስትራሊያ የመጣ ጢንዚዛ ነው፤ ያ ግን ሜዳ ላይ ነው። የእኔዎቹ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሄደው እዚያው ደረቁ።

ማዳበሪያውንም በብርድ ወራት ተውኩት፤ የሚያበቅለው ለስላሳ ቀንበጥ ለተባዮቹ ድግስ ነበር። ከማሞቂያውም አራቅኋት፤ ደረቅ አየር ቀይ ሸረሪት የሚባለውን ሌላ ተባይ ይጠራል።

ከሚያዝያ ወዲህ ወረቀቱ ደረቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን አሁንም በባትሪ መብራት መጋጠሚያዎቹን አያለሁ።