አራት እግር ዝኩኒና የውሃው ጣጣ

ለአምስት ሰው ቤት ሁለት እግር ዝኩኒ ይበቃል። ይህን ያወቅኩት አራት እግር ተክዬ፣ 27 ኪሎ ለቅሜ፣ ከዚያም ውስጥ ቀላል የማይባለውን አበላሽቼ ነው። የአምናውን የጓሮ ማስታወሻዬን እየገለበጥኩ ይህን የምጽፈው፣ ዘንድሮ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ካለ ቢያንስ የእኔን ስህተት እንዳይደግም ነው፤ የራሱን ይሥራ።

ዘሩን የጣልኩት መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ኮተቤ ያለችው ጓሯችን ሦስት ሜትር በአራት የማትሞላ፣ ከዚያ በፊት ጎመንና ቆስጣ ብቻ የምታውቅ መሬት ናት። ክረምቱ እስኪወጣ የጠበቅኩት ዝናብ ሲበዛ ንቦች ስለማይወጡ ነው። በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ዘር ጣልኩ፤ ስምንቱም በቀሉ። አራቱን ስነቅል እንኳ አንጀቴ አልችል ብሎ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ጣት ካከሉ በኋላ ጫፋቸው ቢጫ እየሆነ በሰበሰ። በሽታ መስሎኝ አመድ ነሰነስኩ። ነገሩ ሌላ ነው፦ የዝኩኒ አበባ ወንዴና ሴቴ አለው። ሴቴዋ ገና ስትወጣ ከሥሯ ትንሽ ዝኩኒ ይዛ ትታያለች፤ ወንዴው በቀጭን አገዳ ላይ ባዶውን ይቆማል። የወንዴው ብናኝ ሴቴዋ ላይ ካልደረሰ ፍሬው አይያዝም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ አበባው ሳይከደን፣ ወንዴውን ቀጥፌና ቅጠሉን ገንጥዬ እንደ ብሩሽ ሴቴዋ ላይ ማሸት ጀመርኩ። ያ ሥራ ከሚገባው በላይ ተሳካ።

ኅዳር 8 የመጀመሪያዋን ለቀምኩ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ በየሁለት ቀኑ አንድ ሰፌድ ሙሉ ይወጣ ነበር። ለቅሶ ሄጄ ሦስት ቀን ስቆይ፣ ከቅጠል ሥር ተጋድሞ የጠበቀኝ ዝኩኒ የሕፃን ጭን ያህል ነበር፤ ስመዝነው 2 ኪሎ ከ400 ግራም። ለጎረቤት ማደሉ በመጀመሪያው ሳምንት ምርቃት አስገኘልኝ። በሁለተኛው ሳምንት «ኧረ ያለፈውም አላለቀም» ተባልኩ። በሦስተኛው ፌስታል ይዤ ሳንኳኳ የጎረቤቴ ልጅ ብቅ ብሎ «እማዬ የለችም» አለኝ፤ የእናቱ ድምፅ ግን ከጓዳ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ከአትክልተኝነት ወደ ማጀት የተሻገረው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማንም የሚያደርገውን ነው፤ እንደ ዱባ ወጥ ሠራሁት። ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ በርበሬውን አብስዬ፣ የተከተፈውን ዝኩኒ ጨምሬ ከደንኩት። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ስከፍተው ድስቱ ውስጥ ቀይ ባሕር ተኝቷል። ለማድረቅ ስል እሳቱን ባበዛ ዝኩኒው ፈረሰ፣ ውሃው ግን አልጎደለም። ትሪው ላይ ሲወጣ እንጀራው ከሥሩ በስብሶ ተነሳ። እናቴ አንድ ጉርሻ ቀምሳ እጇን ሰበሰበችና «አንቺ ልጅ፣ ውሃ ነው እንዴ የዘራሽው?» አለች።

ለቀልድ ያለችው ነገር የዚያ ዓመት ትምህርቴ ሁሉ ሆነ። ዝኩኒ ከመቶው 95 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ፣ ትንንሽ ዱባ እንደማለት ቢሆንም፣ የሚለቀመው ገና በጨቅላነቱ፣ ቆዳው በጥፍር ሲነካ በሚቀደድበት ጊዜ ነው። ዱባ በስሎ፣ ቆዳው ጠንክሮ፣ ሥጋው ረግቶ ነው ቤት የሚገባው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ የዱባና የዝኩኒው ደግሞ አበሳሰሉ ለየቅል ነው።

አሁን ወጥ ስሠራ ዝኩኒውን በጣት ውፍረት ከትፌ፣ ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሼ ወንፊት ላይ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ቁሌቱን ለብቻው ውሃው እስኪያልቅና ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ አበስላለሁ። ዝኩኒው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሳይከደን፣ ከ6 እስከ 7 ደቂቃ። አልጫም ቢሆን ሥርዓቱ ያው ነው፤ እርዱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ቀድመው ይበስላሉ፣ ዝኩኒው ቃሪያውን ቀድሞ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እሳት ያያል። ጨዉ ቀድሞ ስለገባ ወጡ ላይ እንደገና ጨው የሚጨምር ሰው ይጸጸታል። እኔ ሁለት ጊዜ ተጸጽቻለሁ።

ትልልቆቹን በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቄ፣ ጨው ነስንሼ፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ እጨምቃቸዋለሁ። ከአንድ ኪሎ ተኩል ሁለት ብርጭቆ ውሃ ወጥቶ አይቻለሁ፤ አረንጓዴ፣ ጨዋማ፣ ሣር ሣር የሚሸት ውሃ። መድፋቱ አሳዘነኝና ሽሮ አማሰልኩበት፤ ጥሩ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ደፍቼው አላውቅም። የተጨመቀው ደግሞ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከደቀቀ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ተለውሶ፣ እንደ ቂጣ ጠፍጠፍ ብሎ በዘይት ሲጠበስ ልጆቹ የሚሻሙበት የጾም ቁርስ ይሆናል። ሊጡ ለአፍታም መቆየት የለበትም። ከቆየ ዝኩኒው የቀረችውን ውሃ ይለቅና ሊጡ ይቀጥናል፤ ዱቄት ሲጨመርበት ደግሞ ድንጋይ ይሆናል።

ማቆየቱ ላይ ስመጣ ነው ብዙ የከሰርኩት።

በመጀመሪያ ወደ በረዶ ቤቱ ሮጥኩ። የተከተፈው በፈላ ውሃ 3 ደቂቃ ይነከራል፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ተጠፍፎ በፌስታል ይታሰራል። እንዲህ ካልተደረገ ኢንዛይሞቹ በረዶ ውስጥ ሆነውም ሥራቸውን ስለማያቆሙ ጣዕሙና ቀለሙ ይበላሻል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ፈልቶ ሙቀቱ ግን ያነሰ ስለሆነ እኔ አንድ ደቂቃ ጨምሬ 4 አደርገዋለሁ። የተፈቀፈቀውን ጨምቄ፣ በየግማሽ ኪሎው አሽጌ፣ እንደ መጽሐፍ ደረደርኩት። ኅዳር መጨረሻ ላይ መብራት ጠፍቶ ከአንድ ቀን በላይ ቆየ። የሞላ በረዶ ቤት ካልተከፈተ ሁለት ቀን ገደማ ይይዛል፤ እኔ ግን «እስኪ ደኅና ነው?» እያልኩ በየሰዓቱ ስከፍት ዋልኩ። 12 ፌስታል ቀለጠ። ያን ምሽት ሁሉንም ጠበስኩት፤ ጎረቤቴም በዚያ ምሽት ቤት ነበረች።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የተሳካልኝ መስሎኝ ነበር። አምስት ብልቃጥ ቀቅዬ፣ ዝኩኒ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ሞልቼ፣ ከድኜ ግማሽ ሰዓት አፈላሁ። ክዳኖቹ ሲቀዘቅዙ ጧ፣ ጧ እያሉ ወደ ውስጥ ገቡ። መደርደሪያ ላይ አሰልፌ ፎቶ አነሳሁና ለዘመድ ሁሉ ላክሁ። ምግብ ሳይንስ የተማረችው የአጎቴ ልጅ ፎቶውን አይታ ወዲያው ደወለች፦ «እህቴ፣ አንዷንም እንዳትቀምሺ።»

ያስረዳችኝ ይህን ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የፈላ ውሃ የማይገድለው ጠንካራ ዘር አለው። አየር በሌለበት፣ አሲድ በሌለበት፣ እርጥበት ባለበት ቦታ ያ ዘር ነቅቶ መርዝ ያወጣል፤ መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። በዘይት የተሞላ የዝኩኒ ብልቃጥ ከዚህ የተሻለ ቤት አይሠራለትም። ኮተቤ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዘሩን ለመግደል ከ115 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። «ግፊት ባለው ድስትስ?» ብዬ ተከራከርኩ። ዝኩኒ ሲበስል ፈርሶ ስለሚተኛ ሙቀቱ መሃሉ መድረሱ እርግጠኛ አይደለምና አስተማማኝ የተባለ የማብሰያ ሰዓት የለውም አለችኝ። አምስቱንም ሳልከፍት ጠቅልዬ ጣልኩ። ከሁሉም የቆጨኝ ብልቃጦቹ ናቸው።

በብልቃጥ ማስቀመጥ ለሚፈልግ መንገዱ አቼቶ ነው። አቼቶም እንደ ዝኩኒ ስሙ ከጣሊያን የመጣ ስለሆነ ሁለቱ በደንብ ይግባባሉ። ጠርሙሱ ላይ አሲዱ 5 ከመቶ መሆኑ መጻፉን ማየት ግድ ነው፤ ርካሹ ሁሉ አይደርስም። ቀለበት ቀለበት የተቆረጠው ዝኩኒ ከሽንኩርት ጋር በጨው ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ታጥቦ ይጠፈፋል። አቼቶው ከስኳር፣ ከሰናፍጭ ፍሬና ከጥቂት ሚጥሚጣ ጋር ፈልቶ ይፈስበታል። በውሃ አላቀጥነውም፤ ዝኩኒው ራሱ በውስጡ በቂ ውሃ ይዞ ይመጣልና። የእኔ የሚቀመጠው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ይበላል፣ በሁለት ወር አልቋል። ከምስር ወጥ ጎን ሲቀርብ እናቴ «ጥርሴን አነቃው» ትላለች። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልለየሁም።

የማልለቀው ግን ማድረቁን ነው። ሐሳቡም የእናቴ ነው። እንጀራ ሲተርፍ ድርቆሽ፣ ሥጋ ሲተርፍ ቋንጣ እያደረገች ያሳደገችን ሴት፣ በረዶ ቤቱ ከከዳኝ በኋላ «ፀሐይ እያለ መብራት ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ደረቅ ነው። ዝኩኒውን በርዝመቱ እንደ ቋንጣ ዘለዘልኩና ገመድ ላይ ሰቀልኩ። የመጀመሪያው ዙር ወፍራም ነበር፤ በዚያ ላይ ሌሊት ውጭ አሳደርኩት። ጤዛ ወርዶበት በሦስተኛው ቀን ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ፤ ሁሉም ተጣለ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አሳንሼ ቆረጥኩ፤ ለአጭር ጊዜ በፈላ ውሃ ነከርኩ፤ ሰፌድ ላይ ሳይነካካ ዘረጋሁት፤ ዝንብ እንዳይቀርበው ስስ ጨርቅ አለበስኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ይገባል፣ ጠዋት ጤዛው ሲጠፋ ይወጣል። ፀሐያችን ብትበረታም አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ላይ ዝኩኒው እንደ ቆዳ ይለመጣል እንጂ አይሰበርም። የሚጨርሰው ምጣዱ ነው። እንጀራ ጋግሬ ሳበቃ ምጣዱን አጥፍቼ ግለቱ በእጅ መዳፍ እስኪቻል እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ዝኩኒውን ስስ አድርጌ እዘረጋለሁ፣ ክዳኑን በእንጨት ማንኪያ ከፍ አድርጌ እንፋሎቱ እንዲወጣ እተወዋለሁ። መጀመሪያ ማጀቱ የተቀቀለ በቆሎ ይሸታል፣ ቀጥሎ የሚጣፍጥ የተቆላ ነገር። ሲቀዘቅዝ አንዷን ጎንበስ አደርጋለሁ፤ ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርሳለች፣ ከታጠፈች ለሚቀጥለው ጋገራ ትቆያለች። 6 ኪሎው ደርቆ 310 ግራም ሆነ። የሰፌድ ክምር የነበረው ሁሉ አንድ ብልቃጥ ተኩል ውስጥ ገባ!

ብልቃጡን ለአንድ ሳምንት በየቀኑ እወዘውዘዋለሁ። ቁራጮቹ እርስ በርስ ከተጣበቁ ወይም መስታወቱ ላብ ካሳየ እርጥበት አለና ተመልሶ ምጣድ ላይ ይወጣል።

በዚህ የተሠራው የጾም ቋንጣ ፍርፍር ነው ያን ሁሉ ልፋት ያስረሳኝ። ቁሌቱ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ይቀጥናል፤ የደረቀው ዝኩኒ ተሰባብሮ ገብቶ ሩብ ሰዓት በዝግታ ይበስላል። ይህኛው ዝኩኒ ውሃ አይሰጥም፣ ይጠጣል፤ በርበሬውን እስከ ውስጡ ይመጠውና ሲነከስ ይላመጣል። እንጀራው ተቆርሶ ሲገባ ደግሞ መረቁ በልኩ ነው። ባለቤቴ በሁለተኛው ጉርሻ ቆም ብሎ «ጾም አይደለም እንዴ?» አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጥሬውን ቆርጣችሁ በምላስ ጫፍ ቅመሱት፤ ኮሶ የመሰለ ምሬት ካለው አታብስሉት። ምሬቱ ኩከርቢታሲን የሚባል መርዛማ ነገር ነው፣ በእሳትም አይለቅም። የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ዓይነት ቅል ጋር ከተዳቀለ ዘር ስለሆነ፣ ከራስ ጓሮ የተለቀመ ዘር ለሚዘራ ሰው ይህች ቅምሻ አትቅርበት።

ያ 2 ኪሎ ከ400 የሚመዝነው ለወሬ ቀረ እንጂ ሥጋው ጥጥ ነበር። ሌላ አንድ ግን እናቴ «አትንኩብኝ» ብላ ሐረጉ ላይ አቆየችው። እሱ እያለ ያ እግር ሌላ ፍሬ መስጠት እንደሚቀንስ ነገርኳት፤ «ይቀንሳ! ማን ሊበላው ነው?» አለች። ቆዳው ጥፍር አልቀበል ሲል ከነአገዳው ቆርጣ፣ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ አሙቃ፣ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። የዐቢይ ጾም መጀመሪያ ላይ በገጀራ ከፈልነው። ሥጋው ቢጫ፣ ፍሬው ከልቡ የለቀቀ፣ ውስጡ ደረቅ ነበር። እንደ መጀመሪያው ቀን ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ በርበሬውን አብስዬ፣ ጨመርኩና ከደንኩት። 40 ደቂቃ ቆይቼ ስከፍተው ቅርጹን እንደያዘ ነው፤ ድስቱ ውስጥም መረቅ እንጂ ባሕር የለም። እናቴ ቀምሳ ትሪውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።