አንገት ብቻ አይዳሰስም

«ንፍፊት ወጣብኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ደሴ ላይ አይጠፋም። እኔ ጤና መኮንን ነኝ። የምሠራበት ጤና ጣቢያ ተማሪዎችም ስለሚመደቡ፣ ለእነሱ ደጋግሜ የምለውን እዚህ ልጻፈው።

ንፍፊት ያለበትን ሰው አንገቱን ነካ አድርጎ፣ አሞክሳሲሊን ጽፎ መሸኘት ሕክምና አይመስለኝም። በተለይ እኛ አገር። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሳንባ ውጪ የሚይዝ ቲቢ ብዙ ነው፤ ከእሱም በብዛት የሚታየው የንፍፊት ቲቢ ነው። ሰውየው ላያስለው ይችላል። መድኃኒት እየቀያየረ ወራት ያልፉበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄ። መቼ ወጣ? እያደገ ነው ወይስ ባለበት ነው? ያማል? ጥሬ ወተት ይጠጣሉ? ቤት ውስጥ ሲያስለው የቆየ ሰው አለ? የሚወስዱት መድኃኒትስ? ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ራሱ ንፍፊት ያሳብጣል።

«ሌሊት ያልብዎታል?» ብቻ ብሎ ማለፍ አይጠቅምም። በሙቀቱ ወር ከኮምቦልቻ የመጣን ሰው ብትጠይቀው «አዎ» ነው መልሱ። «ልብስና አንሶላ እስኪያስቀይርዎ ድረስ?» ስትለው ነው ነገሩ የሚለየው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ፣ በዚህ ብርድ፣ እንደዚያ የሚያልበው ሰው ካለ ቁም ነገር ነው። ክብደትም እንዲሁ ነው። በ6 ወር ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ መቀነስ ያሳስባል፤ ግን ስንቱ ሰው ነው ኪሎውን የሚያውቀው? እኔ ወንዱን ቀበቶው ስንት ቀዳዳ እንደገባ፣ እናቶችን ደግሞ መቀነታቸው ድሮ ስንት ዙር ይዞር እንደነበር እጠይቃለሁ። ወዲያው ይመልሳሉ።

ወጣት ወንድ ከሆነ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። «ወንድሜ፣ ለሥራ ቆላ ወርደህ ነበር?» ከወሎ ብዙ ልጅ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። እዚያ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር አለ። ትኩሳቱ አልለቅ ያለው፣ የከሳ፣ ሆዱ በግራ በኩል የተነፋ ልጅ ይህን ካልተጠየቀ በወባና በታይፎይድ ስም ሲመላለስ ይከርማል።

የኤች አይ ቪ ጥያቄ አስታማሚ ፊት አይጠየቅም። «እስኪ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ማለት ነውር የለውም። ብቻችንን ስንሆን አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ያውቅ እንደሆነ፣ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ይመላለስበት እንደሆነ፣ በየጊዜው የሳንባ ምች ይይዘው እንደሆነ እጠይቃለሁ። የሰውነት መከላከያ መድከሙን ብዙ ጊዜ የሚያስታውቁት እነዚህ ናቸው።

ከዚያ እጅ። ግን መጀመሪያ እጅህን አሙቅ። በደሴ ጠዋት ቀዝቃዛ ጣት አንገት ላይ ሲያርፍ ሰው ይኮማተራል፤ ጡንቻው ሲወጠር ትንሿ ንፍፊት ትሰወራለች። ሻርፕ ወይም ሂጃብ ያደረገች ከሆነ መጋረጃውን ስበህ አስፈቅድ። «እናቴ፣ አንገትዎ ላይ ነው፤ ትንሽ ዝቅ ያደርጉልኛል?» በሻርፕ ላይ የሚዳሰስ አንገት የለም። ማተብም ሆነ ክታብ ካለ ቀስ ተብሎ ወደ ጎን ይደረጋል እንጂ አይበጠስም፤ ይሄን የደፈረ ሰው ሁለተኛ አይታመንም።

ተቀምጠው፣ እኔ ከኋላቸው ቆሜ፣ በሁለት እጄ ሁለቱን ጎን እኩል እዳስሳለሁ። በጣት ጫፍ መውጋት ሳይሆን በጣት ሆድ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ከአገጭ ሥር፣ ከመንጋጋ ሥር፣ ከጆሮ ፊትና ኋላ፣ ማጅራት፣ ከዚያ በአንገት ጎን ቁልቁል። መሃል ላይ ያለው እብጠት እንቅርት ከመሰለኝ ውሃ አስጎነጫለሁ፤ እንቅርት ሲውጡ አብሮ ይወጣል ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ከትከሻ ወደ ደረት ከምትመጣው አጥንት በላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ። እሷን ዘሎ ያለፈ ሰው አልመረመረም። በተለይ የግራዋ። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾው እ.ኤ.አ. በ1848 የጻፈላት ናት፤ የጨጓራ ካንሰር እዚያ ድረስ መጥቶ ይታያል።

ብዙ ተማሪ እዚህ ያቆማል። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው። ሰውነታችን ውስጥ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው 600 ገደማ ዕጢዎች አሉ፤ እያንዳንዱም የሚጠብቀው የየራሱ ሰፈር አለው። ማጅራቱ ላይ ንፍፊት ያወጣ ሕፃን ራሱ ላይ ቆረቆር ይኖረው እንደሆነ ፀጉሩ ተገልጦ ይታይ። መንጋጋ ሥር ከሆነ አፍ አስከፍተህ ጥርሱን እይ። ብሽሽት ከሆነ ጫማው ይውለቅ፣ በጣቶቹ መሃል ይታይ። በባዶ እግሩ የኖረ ገበሬ ብሽሽቱ ላይ ትንንሽ ንፍፊት ቢገኝበት አያስደነግጥም። ብብት ሲዳሰስ ክንዱን አንተ ያዝለት፣ እሱ ይልቀቀው። ክርንም አይረሳ።

ጣፊያ የሚዳሰሰው ከግራ ጎድን ሥር ተጀምሮ አይደለም። ከቀኝ ብሽሽት በላይ ጀምር፤ በረጅሙ ሲተነፍስ እየጠበቅክ ወደ ግራ ጎድን ውጣ። ካላዛር ያሳበጠው ጣፊያ እስከ እምብርት ሊወርድ ይችላል፤ ከላይ የጀመረ እጁን ጣፊያው ላይ አሳርፎ «ምንም የለም» ይላል።

ካርድ ላይ «ንፍፊት አለ» ብቻ ተጽፎ ሳይ ይከፋኛል። የት? ስንት ሴንቲሜትር? ለስላሳና የሚያም ነው? እርስ በርስ ተጣብቆ ቲቢ ያስጠረጥራል? እንደ ጎማ ይመለሳል? ወይስ ደረቅና ከቦታው የማይነቃነቅ ነው? ይሄ ካልተጻፈ በቀጠሮው ቀን የሚያየው ሌላ ባለሙያ ከምን ጋር ያስተያየዋል? ምክንያቱ ሳይታወቅ 4 ሳምንት ከቆየ በመርፌ ናሙና ይወሰድለት። ከትከሻ ወደ ደረት ከምትመጣው አጥንት በላይ፣ ጎድጓዳዋ ቦታ ላይ የወጣው ግን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ሪፈሩ በዚያው ቀን ይጻፋል።