ከማይክ ወደ ሲትኮም፦ ሳቁ የጋራ ሲሆን

መድረክ ላይ ቃሉም ዝምታውም የኔ ነበር። ሲትኮም (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ) ውስጥ ግን ቃሉ የጸሐፊው፣ ዝምታው የኤዲተሩ ነው። ከስታንድአፕ (ብቻ ቆሞ ከሚቀርብ የመድረክ ቀልድ) የሚሻገር ሰው ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ እንጂ ቀልድ አጥሮት አይደለም።

የመድረክ ሥራ ለቴሌቪዥን የሚጠቅመው በቀልዱ ሳይሆን ቀልዱን በሚናገረው ሰው ጠባይ ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራዬን በወረቀት ገልብጬ ከየቀልዱ ጎን ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ፦ ይህ ሰው ምን ፈለገ? ማን ከለከለው? መልስ ያጣው ቀልድ መድረክ ላይ ያስቅ ይሆናል፣ ትዕይንት ግን አይወጣውም። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ሬይ ሮማኖ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው ሲትኮም መነሻው ስለ ቤተሰቡ የሚያወራው የመድረክ ሥራው ነበር። በወሬ ብቻ ሲነሱ የነበሩት ዘመዶች ቴሌቪዥኑ ላይ አፍ አውጥተው ይመልሱለት ጀመር። ሲትኮም ማለት ይኸው ነው።

የግማሽ ሰዓት ክፍል ማስታወቂያው ሲቀነስ 22 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ታዳሚ ፊት በብዙ ካሜራ የሚቀረጸው በተለመደው አሠራር አምስት ቀን ይፈጃል፦ በመጀመሪያው ቀን ተሰብስቦ ማንበብ፣ ከዚያ ልምምድ፣ በአራተኛው ከካሜራ ጋር ቦታ መያዝ፣ በአምስተኛው ቀረጻ። ስክሪፕቱ በመሀል ይታረማል፤ የታረመው ገጽ መጀመሪያ በሰማያዊ፣ ቀጥሎ በሮዝ፣ ከዚያ በቢጫ ወረቀት ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን ቃል በቃል መሸምደድ ትርፉ ድካም ነው። እስከ ሦስተኛው ቀን የምይዘው ሐሳቡንና ባልደረባዬ ንግግሩን የሚዘጋበትን ቃል ብቻ ነው።

ሳቅ ይነሳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ቀጣዩ ንግግር የሚገባው መውረድ ሲጀምር ነው። ጫፉ ላይ የተናገረ አይሰማም፤ ሳቁ ጨርሶ እስኪጠፋ የጠበቀ ደግሞ ትዕይንቱን ያቀዘቅዘዋል። የመድረክ ሰው ሲጠብቅ ዓይኑ ወደ ታዳሚው ይሸሻል፣ ያኔ ገጸ ባህሪው ሞተ። ዓይን ባልደረባው ላይ ይቆይ፣ እጅም የጀመረውን ፎጣ ማጠፍ ይቀጥል። በአንድ ካሜራ ሲቀረጽ ግን የሚስቅ የለም። ለሳቅ የተተወ ክፍተት ሁለቱ ተዋንያን አብረው በሚታዩበት ሾት (ሳይቋረጥ የተቀረጸ ምስል) ውስጥ ከገባ ለመቁረጥ ያስቸግራል።

ክሎዝአፕ (ፊት ብቻ በቅርብ የሚታይበት ሾት) ላይ ከባልደረባዬ ሁለት ዓይኖች ለሌንሱ የሚቀርበውን አንዱን ብቻ አያለሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለስ ዓይን በስክሪን ላይ የሚቅበዘበዝ ይመስላል። ኩባያውን በየትኛው እጅ፣ በየትኛው ቃል ላይ እንዳነሳሁ መያዝም ግድ ነው። በሰፊው ሾት በቀኝ ያነሱትን በቅርቡ ሾት በግራ ካነሱት ሁለቱ አይገጣጠሙም፤ የተሻለው ትወና የሚጣለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጭማሪ ቀልድ መድረክ ላይ ያስጨበጭባል። እዚህ የመጨረሻዋን ቃል የቀየረ ግን ባልደረባውን ያደናግራል፣ ካሜራውንም ያዘገያል። መጀመሪያ እንደተጻፈው እሠራለሁ፤ የመጣልኝ ነገር ካለ ዳይሬክተሩን አስፈቅጄ አንድ ተጨማሪ ቴክ (የዚያው ትዕይንት ድጋሚ ቀረጻ) እጠይቃለሁ።

ከሁሉም ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ ማዳመጥ ነው። ኤዲተሩ ብዙ ጊዜ ቀልዱን ከተናገረው ይልቅ ወደ ሰማው ፊት ይቆርጣል። በዚያች ሰከንድ የራሱን ተራ የሚቆጥር ተዋናይ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሳይቀር ይታያል።