«እሾህ ወግቶዎት ያውቃል?»

የጌታ ስም ይባረክ። ይሄን ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ፤ የእግር ቁስል ታሪክ ማን ያነባል ብዬ።

ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ እሾህ ወጋኝ። ነቅዬ ጣልኩት፣ ረሳሁት። ከወራት በኋላ እዚያው ቦታ ትንሽ እብጠት ወጣች። አታምም። ቀስ እያለች ሻከረች፣ ሰፋች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አበባ ጎመን መሰለች። ላይዋ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ነበሩባት። የደረቀ ደም እየመሰለኝ በጥፍሬ እፍቃቸው ነበር።

ሐኪሙ ገና ሲያያት ፊቱ ተለወጠ። «የቆዳ ካንሰር ይመስላል» አለኝ። ከእብጠቷ ተቆርጦ የተመረመረው ናሙና ውጤትም ወደዚያው አዘነበለ። ቆርጦ ስለማውጣት፣ ቆዳ ስለመለጠፍ ተወራ።

ያን ሌሊት እኔና ባለቤቴ ተንበርክከን አደርን። እውነቱን ልናገር፣ የለመንኩት ሲነጋ ቁስሉ ጠፍቶ እንዲገኝ ነው። ጠዋት ፋሻውን ገልጬ አየሁ። አለ። ተቀየምኩ። ባለቤቴ ግን፣ «አንተ ጥያቄህን ንገረው እንጂ መልሱን አታስጠናው» አለችኝ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሌላ የፓቶሎጂ ሐኪም (ናሙና በማይክሮስኮፕ የምትመረምር) ናሙናውን ደግማ አየችው። አስጠራችኝና፣ «እሾህ ወግቶዎት ያውቃል?» አለችኝ።

ክው አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም!

በማይክሮስኮፑ አሳየችኝ፤ ቡናማ፣ ክብ ክብ፣ መሃላቸው በመስቀል የተከፈለ፣ የመዳብ ሳንቲም የሚመስሉ ነገሮች። ክሮሞብላስቶማይኮሲስ ይባላል። አፈርና የበሰበሰ እንጨት ላይ የሚኖር ፈንገስ በእሾህ ጫፍ ገብቶ የሚያመጣው ነው። ቆዳውን ስለሚያወፍረው ናሙናው ራሱ ካንሰር ይመስላል። እነዚያ በጥፍሬ የምፍቃቸው ነጥቦች ለካ ፈንገሱ በብዛት የሚገኝባቸው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሐኪም አልወቅስም።

ፈውሱ በአንድ ሌሊት አልመጣም። ኢትራኮናዞል የሚባል እንክብል በቀን 400 ሚሊግራም፣ ከምግብ ጋር፣ ለ14 ወር ዋጥኩ። ጉበቴ እንዳይጎዳ በየጊዜው ደም ሰጠሁ። ሰልችቶኝ ላቆም ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ የለመንኩትን ሌሊት እያስታወስኩ ቀጠልኩ። ለዓመታት ቢተው ኖሮ ወደ እውነተኛ ካንሰር ሊለወጥ ይችል እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው።

አሁን የቀረው አውራ ጣት የሚያህል ነጣ ያለ ጠባሳ ነው። ካልሲዬን ሳወልቅ ባለቤቴ ነካ ታደርገውና፣ «አሁንስ ታረቃችሁ?» ትለኛለች።